በበርበሬው ማሳ ጥግ

ቡሬ ዳር ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ያን ሰሞን እንቅልፍ ያጡት በቻይናዊው ተማሪዬ ምክንያት ነው።

ሰውየው ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚተክል ባለሙያ ነው፤ እሁድ እሁድ እንግሊዝኛ አስተምረዋለሁ። «ራን» የምትል ቃል ግን አልዋጥ አለችው። ሰው ሲሮጥ ራን፣ ማሽን ሲሠራ ራን፣ ውሃ ሲፈስ ራን፣ ሱቅ ማስተዳደርም ራን!

«በእኛ ቋንቋ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው። እንግሊዞች ቃል ተወድዶባቸው ነው?» አለኝ።

በሳቅ ሞትኩ። ቢሸመድድም ጠብ አላለለትም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ጥቂት ቀምሻለሁ። እዚያ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ማለትም ከራሱ አፍልቆ የሚያዘጋጀው፣ ሜዳ ወጥቶ፣ ለብቻው አቀርቅሮ እያጉተመተመ ነው፤ ሲሞላለት ለመምህሩ ይነግራል። እሱንም «ወረቀቱን ተውና ውጣ፤ የራስህን ዓረፍተ ነገር ይዘህ ና» አልኩት። ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመላለስ የሰነበተው ግን ወደ ሽማግሌው በርበሬ ማሳ ነበር።

በእኛ አገር የፋብሪካ ሰው ማሳ ዳር ቆሞ መሬት መሬት ካየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሬቱ ሊወሰድ ነው። ሽማግሌው ታግሠው ታግሠው መጡ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝና ቀስ ብለው፣

«እንዲያው መምህር፣ ያ እንግዳህ በርበሬዬን ወዶት ይሆን? ደጋግሞ ያየዋል» አሉ።

ከአባታቸው የወረሷት፣ ያለቻቸውም ያቺው ማሳ ናት። አንጀቴን በሉት።

«ኧረ አባቴ፣ መሬት አይለካም። ተማሪዬ ነው፤ እንደ ቅኔ ተማሪ ቃል እየቆጠረ ነው።»

አላመኑኝም። ተያይዘን ሄድን። ተማሪዬ ሲያየኝ ብድግ ብሎ እጁን አጣመረና በእንግሊዝኛ አሰማ፤ ተረጎምኩላቸው። «ውሃው በቦዩ ይሮጣል፤ ማሳውን የሚያስተዳድሩት ግን እኚህ አባት ናቸው» ነው ያለው፤ ሁለቱንም በ«ራን»።

ሽማግሌው ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ወዲያው ተቆጡ፤ የተቆጡት እኔን ነው።

«ተማሪ ከሆነ ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ? ተማሪ በደጄ ጦሙን ይዋል?»

በሚቀጥለው እሁድ ስንሄድ ትኩስ ዳቦ ከነድልሁ ይዘው ጠበቁን። ተማሪዬ በድልሁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ግን አላቆመም። ከማሳው ጥግ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ጥቂት የበርበሬ እግር ተነቅሎ ለመቀመጫ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል።

«ይቺ የተማሪው ናት» አሉኝ ሽማግሌው። «የሚለካት ካለ እኔን ይጠይቅ።»