በበረኪና የታጠበው የአሳ ገንዳ

አሳዎቹን በፌስታል ይዤ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ስመለስ እናቴ የመስታወት ገንዳውን በበረኪና አጥባ እንዲያብለጨልጭ አድርጋዋለች።

እህቴ ሰዓዳ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ከሰው አታወራም። እዚያ የአሠሪዎቿን አሳ የምትንከባከበው እሷ ስለነበረች ገንዳውን አሠራሁላት።

አዲስ ውሃ አሳ ይገድላል፤ ከአሳ ኩስ የሚወጣውን መርዝ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ያለ አሳ ጠበቅን። ሰዓዳ ከአልጋዋ የምትነሳው መርዙ መጥፋቱን የሚያሳየውን መመርመሪያ ጠብ አድርጋ የውሃውን ቀለም ለማየት ብቻ ነበር። ከትናንት ወዲያ "ውሃው ደርሷል፣ አሳ አምጣ" አለችኝ።

"ሊጠይቋት የሚመጡ እንግዶች የቆመ ውሃ እንዳያዩብን ብዬ እኮ ነው" አለች እናቴ። (ወላሂ፣ እንዲህ የጠራ መስታወት አይቼ አላውቅም።)

ባክቴሪያዎቹ ከእጣቢው ጋር ተደፍተዋል። ሰዓዳ አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አሳዎቹ አሁንም ፌስታሉ ውስጥ ናቸው። ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ያላችሁ፣ በምን ከአልጋ አስነሣችኋት?