በማርያም ቀን የሚያልቀው ኢንተርኔት

ከሞጣ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አውቶቡሱ ሳይነሳ እማ ከብቸና ደወለችና አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፤ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበራቸው በሚሰበሰብበት ቀን፣ በቪዲዮ እንድደውልላት። ሴቶቹ ስለ ልጇ ሲጠይቋት ስልኩን ልታሳያቸው ፈልጋ ነው። ካናዳ ኢንተርኔት እንደ ውሃ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ይቺማ ምን አላት ብዬ ማልኩ።

ባለቤቴ ጌታሁን ሁለት ዓመት ቀድሞኝ የገባባት ከተማ የካናዳ ሰሜን ጫፍ ላይ ናት። የብቸናን ብርድ እንዲያ ሳማርር መኖሬን አስቤ አፈርኩ። ቢሆንም ብርዱን በጃኬት፣ የጤፉንም ናፍቆት በሩዝ ቻልኩት። ያልጠበቅኩት የቤቱ ኢንተርኔት ተሰፍሮ የሚሰጥ መሆኑን ነው። የፈረንጅ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ይሞላል፣ ኮታው ካለቀ ምስል የለም። የእኛ ሃያ አንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው የፈረንጁ ወር ሊያልቅ ሲል ነው።

ኮታውን የሚበላው ጌታሁን ነበር። ሞጣ ሳለ ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ እዚህ የጌም ኳስ አሰልጣኝ ሆኖ ጠበቀኝ። ጌሙ አፕዴት የሚሉት ነገር አለው፤ አንዴ ራሱን ሲያድስ የወሩን ኮታ እኩሌታ ይውጣል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በልመናም በኩርፊያም አለፍናቸው። ብደውልም እማ ስልኩን አጣማ ስለምትይዘው ጣራውን አይቼ ነው የምዘጋው። እሷ ግን ምን እንደለበስኩ ሳትጠይቅ አታልፍም።

ኅዳር ላይ ተራው የእማ ሆነ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እሷ ቤት ሊሰበሰብ ነው። ጌታሁንን እስከ ሃያ አንድ ጌሙን እንዳይነካ አስጠነቀቅኩት፣ እሱም ቃሉን ሰጠኝ። ቀኑ ደርሶ ብደውል ምስሉ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። ጌታሁንን በንዴት ቀሰቀስኩት።

"ሃያ አንድ ካለፈ እኮ ዘጠኝ ቀኑ ነው" አለኝ ዓይኑን እያሸ።

ሰውየው እስከ ፈረንጅ ሃያ አንድ ጾሞ፣ በሃያ ሁለት አፕዴቱን ለቆታል። ቃሉን ስለጠበቀ ጭራሽ እሱ ተቀየመኝ። እኔ ግን ያን ቀን እማን በሴቶቹ ፊት ያሳፈርኳት መስሎኝ ስብሰለሰል ዋልኩ።

በማግስቱ የኢንተርኔት ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። መሙያው ቀን ይቀየርልኝ አልኩ። ጸሐፊዋ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ፣ የእኛ ሃያ አንድ የእነሱ ሠላሳ፣ አንዳንዴም እስከ ሃያ ሰባት የሚወርድ እንደሆነ አስረዳኋት።

"ለመሆኑ ዓመታችሁ ስንት ወር አለው?" አለች።

"ዐሥራ ሦስት።"

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ለመሙያው ሃያ ሰባትን መረጥኩ። ቤት ስገባ አፕዴቱ ያለ እኔ ፈቃድ እንዳይወርድ በገዛ እጄ ዘጋሁት፤ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ጌሙም እስከ ገና እንዲጾም ፈረድኩ። ጌታሁን አጉረመረመ እንጂ አልተከራከረኝም። በዚህ ቤት የኢንተርኔት ሹም ማን እንደሆነ ያን ቀን ታወቀ።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ማኅበሩ የእማ ጎረቤት እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነበር። ምስሉ ኩልል ብሎ ገባ። ስልኩን የያዙት እትዬ ናቸው፤ እማ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም።

"ምን ለብሳለች?" አለቻቸው።

"እማ፣ እያየሽኝ አይደለም እንዴ?"

በእሷ ፈንታ እትዬ ጥሩወርቅ መለሱልኝ፤ "ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ቆየ፣ ልጄ። እንዳትሰጊ ብላ ነው የደበቀችሽ። በየወሩ መልክሽን የምንነግራት እኛ ነን።"

"ቪዲዮውን እንዳትተዪው" አለች እማ ፈጠን ብላ። "በድምፅ ብቻ ከደወልሽ ምን ይነግሩኛል?"

እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ድምፄ እንዳይሰማ አፌን በእጄ ያዝኩ።

"አሁንስ ምን እያደረገች ነው?" አለች እማ።

እትዬ ጥሩወርቅ ትክ ብለው አዩኝ።

"እየሳቀች ነው" አሏት።

እማም ሳቀች።