ያልተበላሹት ፋይሎች

ለነፍስ አባቴ ጾም የሻርኩበትን ቀን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ ዘልዬዋለሁ። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእህቴም አልነገርኩም። እንግዲህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምንጽፍባት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሁለት ነበርን፤ እትዬ በላይነሽና እኔ። እትዬ በላይነሽ ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩት በሃምሳ ዓመታቸው ነው። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ሲነግራቸው ዓይናቸው ከፊቱ ሳይነሳ፣ ጣታቸው ሳይቆም ይጽፉ ነበር። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሰርተፍኬቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ የእሳቸውን ግማሽ አልደርስም። ሰው ሁሉ ወረፋ የሚይዘው ለእሳቸው ነው። ቀናሁ። ምን አለባብሳለሁ፣ ቀናሁ።

ጋሽ ሸምሱ አሮጌውን ኮምፒውተር ሸጠው አዲስ ገዙ። የሦስት ዓመቱን ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ያዛወሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛ የለም። ገጹን የሞላው አናቱ ላይ ነጥብና ጭረት ያለበት የፈረንጅ ፊደል ነው። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ያዙ። እትዬ በላይነሽ ሳዛውረው ነው ያበላሸሁት ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እኔ ግን ገና በጨረፍታ ሳየው አውቄያለሁ። ኮምፒውተር «ሀ» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩንም የሚጽፈው በዜሮና በአንድ ብቻ ነው። ልክ እንደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ መዝገቡን ያወጣላችኋል። ያኔ እኛ የፈረንጅ ፊደሎችን ቁጥር ተውሰን ነበር የምንጽፈው። የአማርኛውን መልክ የሚያወጣው ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አልተጫነም። ከእትዬ በላይነሽ ጽሑፍ አንዲት ቁጥር አልጎደለችም። ያ ሁሉ የውርስ ክርክር፣ ያ ሁሉ የሰው እንባ፣ በዜሮና በአንድ ተጽፎ በደህና ተቀምጧል። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል፤ እንዴት ያለ ታማኝ ነገር ነው! ፕሮግራሙ ያለበት ፍሎፒ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ዝም አልኩ። ማክሰኞ ዝም አልኩ፣ ረቡዕም ዝም አልኩ። እሳቸው ከባለጉዳይ ቅጂ እየለመኑ ሁሉንም እንደገና መጻፍ ጀመሩ። ጋሽ ሸምሱ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም። ዓርብ ዕለት ግን እትዬ በላይነሽ በገዛ እጃቸው የቤቱን ቁልፍ አስረከቡ፤ ከእንግዲህ ለሰው ጉዳይ አልታመንም አሉ። ሁለት ልጆች ብቻቸውን እንደሚያሳድጉ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ታዲያ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ?

ሰኞ ፕሮግራሙን ጫንኩ። አማርኛው አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ተመለሰ። ጋሽ ሸምሱ ማሻአላህ እያሉ የእትዬ በላይነሽን ወንበር ለእኔ ሰጡኝ።

እትዬ በላይነሽ ወሬውን ሰምተው መጡ። የጻፉትን ከስክሪኑ ላይ ረጋ ብለው አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እንግዲያው እኔ አላበላሸሁትም ነበር?»

እሳቸውን ወደ ሥራቸው የምትመልስ አንዲት ቃል ነበረች። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦

«አበላሽተውት ነበር። እኔ ጠገንኩት።»

ግንባሬን ሳሙኝ። ከጉድ አወጣሽኝ ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ይሸጡ ነበር። ሳልፍ ባዩኝ ቁጥር ለገዢዎቻቸው ያሳዩኛል፤ ይቺ ልጅ ናት የሰው ዕዳ ይዤ እንዳልሞት ያደረገችኝ ይላሉ። ለዓመታት ሰማሁት፤ አንድ ቀን እንኳ አላቋረጥኳቸውም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩና፣ እናንተ ይቅር አትበሉኝ።