የማይቀመጠው ሊቀመንበር

በደርግ ዘመን ከጉደር ወጣ ብላ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ሊቀመንበር ኦቦ ሌታ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ኮሚቴው ሥራው ብዙ ነው፤ አጥር ያሠራል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ያስጠግናል፣ መምህርና ወላጅ ሲኳረፉ ያስታርቃል። ኦቦ ሌታ ግን ከሁሉ የሚወዱት አንዱን ነበር፤ ከትምህርት የቀረ ልጅ ማስመለስን።

ዘዴያቸው የሽማግሌ ነው። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። "ይግቡ፣ ይቀመጡ" ሲባሉ "ልጁን ካልሰጣችሁኝ አልቀመጥም" ይላሉ። ዝናብ ቢመጣ ንቅንቅ የለም። ሽማግሌ ደጅ አቁሞ ራት የሚወርድለት ማን አለ? የቤቱ ጌታ አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ "ኤዬ፣ እሺ፣ ይሂድ" ይላል፤ ያን ጊዜ ይቀመጣሉ። ሰዉ "የማይቀመጠው ሊቀመንበር" ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሙን ሲሰሙ ለወጉ ያህል ይቆጣሉ እንጂ ልባቸው ቅቤ ይጠጣ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባለቤታቸው ወርቅቱ አራስ ልጅ ጥላ በወሊድ ሞተች። ትልቋ ልጃቸው ኡርጌ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ በዓመቱ መጨረሻ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ከቀብሩ ማግስት ሕፃኑን አዘለችው። ከዚያ ወዲህ "ተማሪ ቤት ሂጂ" ያላት የለም፤ እሷም አልጠየቀች። ጠዋት ደወሉ ሲደወል እጇ ካለበት ቆም ይላል። ኦቦ ሌታ ያን እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ። ምን ያድርጉ? ሕፃኑ የላም ወተት በማንኪያ እየተጋተ የሚያድግ ነው። የኮሚቴውንም ስብሰባ በሐዘን እያመካኙ መቅረት አበዙ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። አንዱ ከደቡብ መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ከድሮ የሚባል ሰው ነው፤ ሌላዋ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ አረጋሽ። ከድሮ እርጥብ ሣር ይዟል። ኦቦ ሌታ ሣሩን ሲያዩ ለምን እንደመጡ ገባቸው።

"ግቡ እንጂ! ታኣ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"አንቀመጥም ኦቦ ሌታ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" አለ ከድሮ። ሊያስቃቸው ብሎ ነበር። "ኡርጌን ይስጡን።"

"ሕፃኑንስ ለማን ልስጠው?" ሲሉ ተቆጡ። "ቆማችሁ ብታድሩ ኤዬ አልልም! ለእናንተ ምን አለ፤ ትቆማላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ነገ ጠዋት ይህን ልጅ የሚያዝለው ማነው?"

አረጋሽ ቀስ ብላ ተናገረች። "ኦቦ ሌታ፣ ደጃፌ ላይ ቆመው ልጄን ተሬፋን የወሰዱ ጊዜ ባሌ ታሞ ተኝቶ ነበር። ኤዬ አልኩ። በማግስቱ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅልኝ ጠይቀውኛል?"

አልጠየቁም። ማንንም ጠይቀው አያውቁም። እሺ ሲባሉ ተቀምጠው፣ እርጎ ጠጥተው፣ መርቀው ነው የሚሄዱት። በየደጃፉ ትተውት የሄዱት ሸክም ሁሉ ባንድ ጊዜ ታያቸውና አፈሩ።

"ልወቅስዎ አልመጣሁም" አለች አረጋሽ። "ተሬፋ ዛሬ አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል። ያኔ ባይቆሙልኝ እረኛ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን ቆሜ ብቻ አልሄድም። ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን እኔ እወስደዋለሁ፤ ኡርጌ ከትምህርት ስትመለስ ትቀበለኛለች።"

"የገበያ ቀን ደግሞ ባለቤቴ አዚዛ ትይዘዋለች" አለ ከድሮ።

ኡርጌ ሕፃኑን እንዳዘለች ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ኦቦ ሌታ ዘወር ብለው አዩዋት። እሷም ልጅ መሆኗን፣ እሷም እናቷ እንደሞተችባት፣ ረስተውት ኖረዋል። ዕንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

"ኤዬ" አሉ። "ኤዬ፣ ትሂድ። አሁንስ ተቀመጡልኝ።"

ጥር ላይ ገቢሳ የሚባል ጎረቤታቸው ሁለት ልጆቹን ከትምህርት አስቀረ። ኦቦ ሌታ ሄዱ። ገቢሳ ጠባያቸውን ያውቃልና ደጃፉ ላይ ሲያያቸው "መቼም ተቀመጡ ብልዎ አይቀመጡም" አለ።

እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ገቡና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"እስቲ ንገረኝ ገቢሳ" አሉት፤ "ልጆቹ ቢሄዱ ውሃ የሚቀዳልህ ማነው?"