በድምፅ የገዛሁት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬን የገዛሁት በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰው ድምፅም ከፍዬበታለሁ። ይህን ያወቅሁት ከገዛሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የድምፁ ባለቤት መናገር አቅቷቸው ሚስታቸው ክፍሌ ድረስ መጥተው «አንቺ ጋ አለ አይደል?» ሲሉኝ።

ሰበታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወጨጫ ተራራ በኩል ገባ ባለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ከአዲስ አበባ ያስወጣኝ የቤት ኪራይ ነው፤ ተመልሼ እንዳልሄድ ያደረገኝ ግን ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ጉም ነው። ሥራዬ ሠርግ መቅረጽና ማቀናበር ነው። አከራዮቼ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውየውን ሰፈሩ ከስማቸው በፊት ኦቦ እያለ ይጠራቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ ሚስታቸውን ደግሞ እማማ። ከመሬታቸው አብዛኛው ቤት ተሠርቶበታል፤ በቀረችው ቁራሽ ጤፍ ይዘሩባታል።

የልጃቸውን ሠርግ ጥር ላይ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አባባ ድንኳኑ መሐል ቆመው ሙሽሮቹን በኦሮምኛ መረቁ። አንድ ሐረግ ይሉና ያቆማሉ፤ ሰዉ ቃሉን ተቀብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ከምርቃቱ የገባኝ «ሆራ ቡላ» የሚለው ብቻ ነበር፤ ተባዙ፣ ኑሩ እንደ ማለት ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ወሰዱ።

በእኛ ሙያ ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ አለ። የሽማግሌ ምርቃት ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም፤ በላዩም ዘፈን ይጫንበታል። ሰበታ ሂዱ፣ ቡራዩ ሂዱ፣ ሱሉልታ ሂዱ፣ በየሠርጉ ፊልም ላይ ሽማግሌዎች አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ዘፋኝ ይዘፍናል። እኔም እንደ ሰው አርባዋን ሰከንድ ቆረጥኩ፤ ለስለስ ያለ ዘፈን ጫንኩባት። ሙሽራዋ አይታ አለቀሰች፣ እኔም ጎበዝ ተባልኩ። ያልተቆረጠው ቀረጻ የሦስት ዓመት ሠርግ ካጨቅሁበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ያን ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ ኮምፒውተር ነበር። ላፕቶፔ አርጅቶ፣ አየር እንዲያገኝ ከሥሩ አራት ኮርኪ አድርጌለት እንኳ እየጋለ ይጠፋብኝ ነበር። አንድ ፊልም ሬንደር ለማድረግ፣ የተቀናበረውን አንድ ፋይል አድርጎ ለማውጣት ማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያቃስታል፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል፤ እኔም ቆሽቴ እያረረ ከሀ እጀምራለሁ። ስለዚህ ማለም ያዝኩ። ከሰበታ አየር ጤና በሚወስደው ታክሲ፣ ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ ደገፍ አድርጌ፣ በሐሳቤ ኮምፒውተር እገጣጥማለሁ። ማዘርቦርዱን አስቀምጣለሁ፤ ፕሮሰሰሩን ቀስ አድርጌ እጥላለሁ፤ ራሙን እጫናለሁ፤ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ውጭ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል፤ ውስጥ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። ብዙ ቀን ወራጅ ማለት ረስቼ አልፌያለሁ።

ጓደኞቼ በቴሌግራም የሐበሻ ቀሚስ ዲዛይን ሲያዩ እኔ ግራፊክስ ካርድ አያለሁ። ደብተሬ ላይ የምገዛውን እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ መልሼ እጽፋለሁ። አቅሜ እግር ሲሸፍኑት ራስ እንደሚያጋልጥ ብርድ ልብስ ነበር። ራሙን ከፍ ሳደርግ ፕሮሰሰሩ ይወርዳል፤ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ካልኩ ካርዱ ይቀራል። የእኛን መብራት የሚያውቅ ሰው በፓወር ሰፕላይ አይቀልድምና እሱን አልነካሁም። በመጨረሻ ሁለት ነገሮች ተፋጠጡ፦ ፊልሙን በፍጥነት የሚጨርስልኝ ግራፊክስ ካርድ፣ እና ቀረጻዎቼን ሁሉ የሚይዝ ትልቅ ሃርድ ዲስክ።

አንድ ቀን አባባ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ደብተሩን አዩና ምንድነው ብለው ጠየቁኝ። በሚገባቸው መንገድ ላስረዳቸው ፈለግሁ። ፕሮሰሰሩ በሬ ነው አልኳቸው፤ ካርዱ አብሮት የሚጠመደው ሁለተኛው በሬ ነው፤ ሁለቱ ሲጠመዱ ሥራው ቶሎ ያልቃል። በጥሞና ሰሙኝ። ገበሬ በሬ ሲባል አይስቅም።

«በሬዎቹስ እሺ» አሉ። «ጎተራውስ? የታረሰው የት ይገባል ኢንታለኮ?»

ኢንታለኮ ልጄ ማለት ነው። ጎተራው ለሌላ ጊዜ ይደርሳል ብዬ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ፀሐያቸው ተመለሱ።

ከፋሲካ በኋላ ቡራዩ ሄድኩ። ዕቃውን በቴሌግራም የሚሸጠው ሰውዬ አንድ ዳቦ ቤት ጎን ጠባብ ሱቅ አለችው። ማዘርቦርዶች እንደ ፎጣ ገመድ ላይ አንጠልጥሏል። ከደብተሬ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እየጠራሁ ያወጣልኛል፤ እኔም አገላብጬ አያለሁ። ያገለገለውን ካርድ እጄ ላይ ሲያኖረው ክብደቱ ደስ አለኝ። ማራገቢያውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ያለ ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ልቤ እዚያው ቀረ። ዳቦ ቤቱ ዳቦ ሳይሆን ሕልም የሚጋግር ይመስል ሱቁ ሁሉ ሞቅ ያለ ሽታ ነበረው።

የያዝኩት ግን አልበቃም። ሰውዬው ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ወደ ቦርሳዬ አየ። «ኤክስተርናሉ ያንቺ ነው? እሱን ተዪልኝና ካርዱን ውሰጂ» አለኝ። በእኛ ገበያ አሮጌ ሰጥቶ፣ ከላይ ጨምሮ የፈለጉትን መውሰድ የተለመደ ነው፤ ነውርም የለበትም። አሰብኩ። ሠርጎቹን ሁሉ አስረክቤያለሁ። በሠራሁባቸው ዓመታት ያልተቆረጠውን ስጪኝ ያለኝ አንድም ሙሽራ የለም። ገመዱን ተቀብዬ በገዛ እጄ ፎርማት አደረግሁት። የሦስት ዓመት ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ ሽማግሌዎች ለመጥፋት ጥቂት ሰከንድ ፈጀባቸው። ቀለል አለኝ እንጂ ቅር አላለኝም።

የዚያን ሰሞን ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሬንደር ልብስ አጥቤ እስካሰጣ ያልቃል። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማራገቢያውን ለስላሳ እስትንፋስ እየሰማሁ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። በመስኮቴ በኩል አባባ ሲያልፉ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ነው፤ እኔም በተሰባበረ ኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ እየሳቁ ያልፋሉ።

ሰኔ ሲገባ አባባ ከማሳ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እማማ ውሃ አቀረቡላቸውና አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ መልሱ አልመጣም። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ እጃቸው ግን ዛለ፤ ንግግራቸውም ተወሰደ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ ሊናገሩ ሲሞክሩ ከጉሮሯቸው የምትወጣው ድምፅ ግን ቃል አትሆንም። በመስኮቴ ሲያልፉ ግራ እጃቸውን ያነሡልኛል። እኔም ፈጥኜ ወደ ስክሪኑ እዞራለሁ።

እማማ የመጡት በሦስተኛው ሳምንት ነው። የልጆቻቸውን፣ የጎረቤቱን፣ የሚዜዎቹን ስልክ ሁሉ አስፈትሸዋል። ሁሉም የቀረጹት ጭፈራውንና ኬክ ቆረሳውን ነው። ምርቃቱን ሙሉ የቀረጽኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ድምፁን አንዴ ልስማው ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። «አርባ ዓመት ሰምቼው፣ በሦስት ሳምንት ከጆሮዬ ጠፋ። ማታ ማታ ላስታውስ እሞክራለሁ፣ አልመጣ አለኝ። አንቺ ጋ አለ አይደል?»

የለም ማለት ነበረብኝ። ዓይናቸውን ሳይ አንጀቴን በሉትና አለ አልኩ፤ ፈልጌ አመጣለሁ አልኩ። ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ጉዴ መፍላቱ ገባኝ።

ቡራዩ ደወልኩ። ሰውዬው ሃርድ ዲስኩን ሱሉልታ ለሚኖር እንደ እኔ ሠርግ ለሚያቀናብር ሰው ሸጦታል፤ ስልኩን ሰጠኝ። በማግስቱ ጠዋት ከሰበታ ተነሥቼ፣ ከተማውን አቋርጬ፣ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታን ታክሲ ያዝኩ። ዳገቱን ስንጨርስ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ በእርምጃ ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። በዚያ ነጭ ዝምታ ውስጥ የአባባን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ ሰምቼዋለሁ። የተናገሩት ቃል ይመጣልኛል፤ ድምፁ ግን አይመጣም። ፈራሁ።

የሱሉልታው ሰው መስኮቱ ወደ ድርቆሽ ሜዳ የተከፈተ ክፍል አለው። ታሪኩን ስነግረው ሥራውን አቁሞ ሃርድ ዲስኩን ሰካልኝ። «እህቴ፣ ሦስት ሠርግ ጽፌበታለሁ» አለኝ፣ ጥፋተኛ እሱ ይመስል። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሣን። መስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል። በሜዳው ላይ ፈረሶች ከጉሙ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። እኔ ስክሪኑንም ፈረሶቹንም እያየሁ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ከዚያ ፋይሉ ብቅ አለ፤ እኔ የሰጠሁት ስም፣ ቀኑ፣ አሥራ አንድ ደቂቃው። ከፈትኩት። ከስፒከሩ የወጣው እንደ ዝናብ ያለ ሹሹታ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሱ ብቻ። ስሙ ቀርቶ ድምፁ ሄዷል። ሰውዬው አዝኖ ሻይ ልጋብዝሽ አለኝ፤ እኔ ምንም ባልበደለኝ ሰው ላይ ተቆጥቼ ሳልሰናበተው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለእማማ እውነቱን ነገርኳቸው። ካርዱንም፣ ልውውጡንም፣ በገዛ እጄ ማጥፋቴንም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ፊልም እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አባባን ደግፈው አመጧቸውና አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጧቸው።

አርባዋን ሰከንድ ከፈትኩ። አዲሱ ኮምፒውተር ሥዕሉን ጥርት አድርጎ አወጣው። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዘፋኙ ይዘፍናል።

«ዘፈኑን አጥፊልኝ» አሉ እማማ።

አጠፋሁት። ክፍሉ ጭር አለ። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩ። እንደገና አሉኝ። በአራተኛው ላይ የእማማ ከንፈር ከስክሪኑ ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከዚያ ድምፅ ወጣበት። በእነሱ ዘንድ ቆሞ የሚመርቀው አባወራው ነው፤ እሳቸው አርባ ዓመት ከኋላ ሆነው ሲቀበሉ ነው የኖሩት። አሁን ግን ቃል በቃል የባላቸውን ምርቃት እያወጡ ነበር፤ የሚያርፉበትን ቦታ እንኳ አልሳቱም። አርባዋ ሰከንድ አልቃ ሥዕሉ ቆመ። እሳቸው አልቆሙም፤ እኔ የቆረጥኩትን፣ ያጠፋሁትን ቀጠሉ። እኔ ዓይኔን ከወለሉ አላነሣሁም።

«ሆራ ቡላ» አሉ እማማ፣ ትንፋሽ ሊወስዱ አረፍ ብለው።

«ሆራ» አለ አንድ ድምፅ።

ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ጥርት ያለ ቃል ነበር። ቀና አልኩ። አባባ ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን በግራ እጃቸው ነክተዋል። እማማ ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ግን እንዳይቋረጥ ፈርተው ይመስለኛል፣ ቀጣዩን ሐረግ አሉት። አባባም ጠብቀው ተቀበሉ፣ ያችኑ ቃል፣ «ሆራ»። ሌላ ቃል የላቸውም። ብቻቸውን የድንኳኑን ሕዝብ ሁሉ ድርሻ መለሱ።

ካሜራው እጄ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ነበር። አላነሣሁትም። እማማ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ምን ዝም ትያለሽ? አንቺም ተቀበይ እንጂ።»

ተቀበልኩ።