ያጠረው ሱሪና እኔ ሽማግሌው

የሁለቱ ጓደኞቼ ጠብ የተነሳው ከሱሪ ነው። አንደኛው ጭሮ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ሌላው ከሱቁ ፊት ለፊት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ። ነጋዴው ልጁን ሊድር ነው፤ ኒካሁ ቦርደዴ፣ ሙሽሪት ቤት ይታሰራል። ለዚያ ቀን እዚሁ ጓደኛው ዘንድ ለራሱ ያሰፋው ሱሪ ታዲያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

«ዓይንህ ደክሟል፤ መቀሱን አስቀምጥ» አለው ነጋዴው፣ ደንበኞች እየሰሙ።

«ሱሪው ልክ ነው። ሆድህ ነው ወደ ላይ የጎተተው» አለ ልብስ ሰፊው። በዚያው አፉ ሠርጉ ላይ እንደማይገኝም ተናገረ።

ማስታረቁ ለእኔ ደረሰ። ሽማግሌ የሚያሰኘኝ ሽበቴ ብቻ ነው። አንዱ ብሶቱን ሊነግረኝ ምሳ ይጋብዘኛል፤ ሌላው እንዳይቀደም ጫት ጨምሮ ይጠራኛል። ለሁለቱም «እውነትህን ነው» እያልኩ በላሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእኔም ሱሪ ወገቡ ጠበበኝ፤ ዕርቁ ግን ስንዝር አልሄደም።

አንድ ቀን ሙሽራው መንገድ ላይ አይቶኝ ከባጃጅ ወረደ።

«አባባ፣ ዕርቁ ከምን ደረሰ?»

«እየተጠና ነው።»

«በሁለት ቤት ምሳ ነው የሚጠናው?» አለኝ፣ ሳይስቅ። «እኔ እሳቸውን አጎቴ ብዬ ነው ያደግሁት። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሴን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከቀሩ ቦርደዴ ምን ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ?»

በዚህ ዕድሜዬ ማፈር የቀረልኝ መስሎኝ ነበር። በቀጥታ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። የቀረበልኝን ምሳ ስገፋው ያመመኝ መስሎት ደነገጠ።

«አቦ፣ ሰው ፊት ነው የተናገርከው፤ ሰው ፊት መልሰው። ሱሪውን ያዝና ተነስ» አልኩት።

እያጉረመረመ ተነሳ። መንገዱን ተሻግረን ልብስ ሰፊው ፊት ቆምን።

«ያን ዕለት ክፉ ተናገርኩህ። አፉ በለኝ» አለው ነጋዴው።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቡን ይለካው ጀመር።

«ሆድህን አትሳብ።»

«ታያለህ ማለት ነው?»

«ይሄን ለማየት ዓይን አያስፈልግም፤ በዳበሳም ይገኛል።»

መጀመሪያ የሳቀው ነጋዴው ነው። ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል የሱሪውን እጥፋት እየተረተረ፣ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?» አለ።

«ከሱብሂ ሶላት በኋላ። ጋቢናው ያንተ ነው።»

ጋቢናውን ቃል የገባው ለእኔ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።