የበረከት ማክሮዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ላፕቶፑን ከዝናብ በጃኬቱ ሸፍኖ ሚዛን አማን ከተማ ወዳለው ቢሮዬ ገባ። "ቲቸር፣ ፕሮግራሜ አላቆም አለኝ፤ የቀየርኩት እኮ አንድ መስመር ብቻ ነው" አለኝ። የትኛው መስመር እንደሆነ ሳላይ ገባኝ። ስህተቱን አሳይቼ ሸኘሁትና በሩን ዘግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

በረከትን አስታውሶኝ ነው። በረከት ቱም ከምትባል ሩቅ ከተማ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እዚሁ ሚዛን ኮምፒውተር ሳይንስ ስንማር መብራት ከሚኖርበት ሰዓት የማይኖርበት ይበዛ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም የምንጽፈው በወረቀት ነው። ቡናው አብቦ ግቢው ሁሉ በሚያውድበት ወቅት ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ጎደሬ ቅቅል በዳጣ እያጣቀስን ኮዳችንን እንሞነጫጭራለን። "መጣ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ወደ ላብራቶሪ ሩጫ ነው፤ ተመልሶ ሳይሄድ መተየብ አለብንና። በእኛ ግቢ ከጎበዝ ይልቅ አጭር የሚጽፍ ያልፍ ነበር።

የምንጽፍበት ቋንቋ፣ አሰምብሊ፣ ደግሞ አጭር አይወድም። ፕሮግራም ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል ለማውጣት እንኳ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ደጅ መጥናት አለበት፤ የጥያቄው ቁጥር፣ የጽሑፉ አድራሻ፣ ርዝመቱ፣ ሁሉም ሬጅስተር በሚባሉት የማሽኑ ትንንሽ ኪሶች በየቦታቸው ተቀምጠው ነው ጥሪው የሚደረገው። በረከት ይህን ሁሉ በማክሮ፣ ብዙ መስመር በሚወክል አንድ ቃል፣ ጠቀለለው። "ጻፍ" ብለን በላቲን ፊደል ስንተይብ ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው አሰምብለር ራሱ መስመሮቹን ዘርግቶ ይተካልናል። "አንብብ" እና "ውጣ" የሚሉም ነበሩት። ፋይሉ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ክፍሉን አዳረሰ። በዚያ ሰሞን በረከት ባለፈበት ሁሉ ሻይ ይጋበዝ ነበር።

እሱ ግን ጭንቀት ነበረበት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ወባ ጥሎት ፈተና አምልጦት ስለነበር ማስጠንቀቂያ ላይ ነው። ይህን ኮርስ ካላለፈ ይባረራል። "እናቴ ለአገሩ ሁሉ አውርታለች" አለኝ አንድ ቀን። "ብመለስ ምን ብዬ ነው የማስረዳት?"

ፈተናው ሲቃረብ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገቡ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚጠራበት መንገድም አብሮ ተለወጠ። መምህራችን ከእንግዲህ በአሮጌው ጥሪ የተሠራ እንደማያርም ተናገረ። በረከት ማክሮዎቹን ወደ አዲሱ ጥሪ ለወጣቸው። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስለነበር መብራት የመጣው በፈተናው ዕለት ጠዋት ነው፤ ክፍሉ ሁሉ አዲሱን ፋይል ለመቀባበል ብቻ ደረሰ።

"ሳንሞክረው?" አልኩት።

"ያው ናት። ጥሪዋ ብቻ ናት የተለወጠችው።"

የተጠየቅነው ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ጽፎ ማቆም። የበረከት ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ፤ አላቆመም። የእኔም። ቀና ስል ክፍሉ ውስጥ ስክሪኑ ሁሉ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያወርዳል። መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቀ። ቀስ በቀስ ዓይን ሁሉ ወደ በረከት ዞረ።

ከፈተናው ስንወጣ በረንዳው ላይ ማኑዋሉን ገልጦ ምክንያቱን አገኘው። አሮጌው ጥሪ ስንት ዙር እንደቀረ የምንቆጥርበትን ሬጅስተር እንዳለ ይመልሰዋል፤ አዲሱ ግን ለራሱ ጉዳይ ይጠቀምበትና ቆጠራችንን ያጠፋዋል። ከጥሪው በፊት ቆጠራውን ማስቀመጥ፣ በኋላ መመለስ፤ ሁለት መስመር። ተያይዘን መምህሩ ዘንድ ሄድን።

"ቲቸር፣ ስህተቱን አግኝቼዋለሁ። መብራት አለ፤ አሁኑኑ ላስተካክለው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ መምህሩ ወረቀቱን እየሰበሰበ። "ፈተናው አልቋል።"

እሱም ቢሆን ስለዚያ ሬጅስተር አንድም ቀን አልነገረን፤ ማወቁንም እጠራጠራለሁ። ያን ቀን ጠላሁት፤ ዛሬም አልወደድኩትም። እኔን ሌላው ውጤቴ ደግፎ አሻገረኝ። በረከትን የሚደግፍ አልነበረም።

የቱም መኪና እስከሚሞላ አብሬው ቆምኩ። መናኸሪያው ጭቃ ብቻ ነበር። ዓመት ቆይቶ እንደገና መመዝገብ ይፈቀድለት ነበር፤ እስከዚያ ብሎ ወርቅ ቁፋሮ ገባ። በክረምቱ ጉድጓዱ ተናደበት።

ለቅሶ ልደርስ ቱም ስሄድ እናቱ እጄን ይዘው ከሰው ለይተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ አንቺ አብረሽው ነበርሽ። ምን አጥፍቶ አባረሩት? ሰረቀ?"

"ምንም አላጠፋም፣ እማማ። ፕሮግራሙ፣ ማለት ኮምፒውተሩ፣ ቆጠራውን..."

"ያላጠፋ ልጅ ይባረራል እንዴ?"

"እውነቴን ነው፣ እማማ። አልሰረቀም።"

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ጉንጬን ሳሙኝና "እግዜር ይስጥሽ፤ ገመናውን ሸፈንሽልኝ" አሉኝ።

ኮምፒውተር ለሰው ማስረዳት መተዳደሪያዬ ከሆነ ቆይቷል። ለእሳቸውም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ፤ በሰውም አስነግሬአለሁ። አርጅተዋል፤ ስሄድ ደስ ይላቸዋል፤ ሙዝና ማር ያስይዙኛል። ልጃቸው ሌባ እንደነበር ግን አሁንም ያምናሉ፤ የሚወዱኝም ሌብነቱን ስለደበቅሁላቸው ነው።